«በርክፈትልኝ» የተባለው የድረ ገጽ ስሜ እንዲነሣልኝ

ለድረ ገጽ ስሞች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ጥር 9
አመልካች፦ ቁልፍ ቀራጩ፣ የ«በርክፈትልኝ» ድረ ገጽ ባለቤት
ጉዳዩ፦ የድረ ገጼ ስም እንዲቀየርልኝና የመኖሪያ ቤቴ አድራሻ ከሕዝብ ዕይታ እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣ ጊዜዎን ስለምሻማ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጽሕፈቴ ቢያስቸግርዎ ይታገሡኝ።

1. እኔ ቁልፍ ቀርጬ፣ የተቆለፈበትን ሰው በር ከፍቼ ቤተሰብ የማስተዳድር ነኝ። ሱቄ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ያለች፣ ቁጥር እንኳ የሌላት ጠባብ ክፍል ናት። ድረ ገጽ ሳሠራ በአባቴ ስም ልሰይመው ነበር። የባለቤቴ ወንድም ግን ኮምፒውተር ያውቃልና ሳቀብኝ። «አባትህን ማን ያውቃቸዋል? ሰው ስልኩ ላይ የሚጽፈው የጨነቀውን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። «በርክፈትልኝ» ብለን አስመዘገብን። አድራሻ ግድ ነው ስትሉኝ፣ ሱቋ ቁጥር ስለሌላት የመኖሪያ ቤቴን ሰጠሁ።

2. ስሙ ሠራ። ቁልፍ ቀራጭ የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ሆነ፤ ባለቤቴም አፏን ሞልታ ስለ ወንድሟ ታወራ ጀመር። በር ክፈትልኝ የሚል ሁሉ የበሩ ባለቤት እንዳልሆነ ግን አላሰብንም።

3. ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ቤቴ ተቆለፈብኝ ብሎ ጠራኝ። አለባበሱ ያማረ፣ አነጋገሩ የታረመ ነው። እኔ ደግሞ ከአባቴ እንደተማርኩት፣ ጎረቤት ወጥቶ «አዎ፣ የእሱ ነው» ሳይል በር አልነካም። ጎረቤት ላንኳኳ ስል ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። «አንተ ሥራህን ሥራ፤ ምን አገባህ?» አለኝ። ያኔ ከበሩ ወዲያ አንዲት ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወንድሜ፣ በእናትህ እንዳትከፍትለት» አለች። ቁልፉ አዲስ ነበር፤ ለምን እንደተቀየረ ገባኝ። «ይኼ ከኔ አቅም በላይ ነው» ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ፈርቼ እንጂ ጎብዤ አይደለም። ለፖሊስ ተናገርኩ፤ በማግሥቱ ዘመዶቿ መጥተው ወሰዷት። ለፖሊስ የተናገርኩት እኔ ስለሆንኩ፣ አሁን ሰውየው የገባችበትን የማውቅ መስሎታል።

4. ከትናንት በስቲያ እኔ ሱቅ ሳለሁ ቤቴ ድረስ መጣ። በር የከፈቱለት እናቴ ናቸው። የእኔ ወዳጅ መስሏቸው አስገቡት። ሶፋዬ ላይ ተቀምጦ ውሃ ጠጣ፤ ልጄ የት እንደምትማር ጠየቃቸው፤ ነገሩት። ሲወጣ «እርስዎ ከልጅዎ ይሻላሉ፤ ቶሎ ይከፍታሉ» አላቸው። እናቴ ምስጋና መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነገሩኝ። ማን እንደሆነ ነገርኳቸው። የባለቤቴ ወንድም ሰውየው አድራሻዬን ከየት እንዳገኘው አሳየኝ፤ በእናንተ መዝገብ ላይ የድረ ገጼን ስም የጻፈ ሁሉ የቤቴን ቁጥር ያገኛል። የመከረኝ እሱ ነውና ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ አያየኝም።

5. ፖሊስ ጣቢያ ብመለስ ተረኛው «ውሃ ጠጥቶ የሄደን ሰው ምን ብዬ ልያዘው?» አለኝ። መስኮታችሁ ላይ ያለችው እኅትም በትሕትና አስተናግዳኛለች፤ ነገር ግን የምዝገባው ዘመን ሳያልቅ ስም አይቀየርም፣ አድራሻ መደበቅም ሲስተሙ አይፈቅድም ብላኛለች። ሲስተሙ ልጅ የለውም፣ ክቡር ኃላፊ። ልጄን ራሴ አድርሼ ራሴ እመልሳለሁ፤ ከኋላዬ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ዞሬ አያለሁ።

ስለዚህ አድራሻዬ ዛሬውኑ ከመዝገቡ እንዲነሣልኝ፣ ስሙም የሚያውቀኝ ሰው ብቻ በሚያገኘኝ ሌላ ስም እንዲተካልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ገበያው ቢቀር ይቅር። ይህንን ስም ለሌላ ቁልፍ ቀራጭም እንዳትሰጡብኝ አደራ፤ እሱ ጎረቤት ባይጠራስ?

ምላሽዎን በስልክ ይንገሩኝ እንጂ በመልእክተኛ ወደ ቤት አይላኩብኝ። ቢያንኳኳ የሚከፍትለት የለም። እናቴን ትናንት በር ሲንኳኳ ልጄን አፏን በእጃቸው ይዘው አልጋ ሥር እንደተደበቁ በራሴ ቁልፍ ከፍቼ አገኘኋቸው፤ አንኳኪው እኔ ነበርኩ።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣
ቁልፍ ቀራጩ
(ፊርማ)