የቀንበሯ ታንኳ

እሑድ፣ ኅዳር 14

ዛሬ ውኃ መጣ። ሳፋውን ሞልቼ ሳሎን መሃል አስቀመጥኩት። የአማቼ የአባባ ቱፋ ጓደኞች ተሰብስበው ነበር።

አባባ ከቡልቡላ እርሻቸው የተረፈቻቸውን አንዲት ቀንበር ሦስት ወር ሙሉ ሲጠርቡ ከርመው ትንሽ ታንኳ አድርገዋታል። ለጠየቃቸው ሁሉ «ለልጅ ልጄ ናት» ይላሉ። የልጅ ልጅ የላቸውም። አንድ ልጃቸውን ካገባሁ ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ አልወለድኩም። ፍቅፋቂውን ከምንጣፉ ላይ በየቀኑ የምጠርገው ግን እኔ ነኝ።

«አባባ፣ እስቲ ትንሳፈፍና እንያት» አልኳቸው።

«ገና ናት፣ ልጄ።»

ከጭናቸው ላይ አንስቼ ሳፋው ውስጥ አኖርኳት። ወዲያው በቀኝ ጎኗ ተገለበጠች። እንደምትገለበጥ አውቅ ነበር፤ ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሞክሬያታለሁ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ቀድሜ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

አባባ ተቀብለው በጋቢያቸው አደረቋት። እንግዶቹ ሲሄዱ ጠሩኝ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ሳፋው ድረስ አይታያቸውም።

«ልጄ፣ ያዘነበለችው በየት በኩል ነው? የከበደውን ልፋቅላት።»

ድምፃቸው ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። እሱ ነው መሰለኝ የባሰ ያናደደኝ።

«በግራ» አልኳቸው።

«ተባረኪ።»

አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ግራ ጎኗን እየፋቁ ነው። የቢላዋው ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ሌላ ቀንበር የላቸውም።