የታችኛው መደብ ጎመን

የካቲት 12 ቀን 2005፣ ቡሬ

ዛሬም ለምርመራ አፈርና ቅጠል ስለቅም ዋልኩ። ወገቤ አለቀ። መጨረሻ የደረስኩት እትዬ ንግሥቴ ዘንድ ነው፤ ከአሮጌው የባትሪ መጣያ በታች፣ ወንዝ ዳር ጎመን የሚያለሙ ባልቴት። አፈሩን ራሴ ቆፈርኩ። ጎመኑን ልቆርጥ ስል ግን "እንግዳማ በእኔ ማሳ ጎንበስ አይልም" ብለው አስቀመጡኝ። ቆርጠው አጥበው አንድ እቅፍ ሰጡኝ። እኔም መቀመጡን አልጠላሁት...

መጋቢት 11

ውጤቱ ከአዲስ አበባ መጣ። የእትዬ ንግሥቴ አፈር፣ ካድሚየሙ፣ ያ የባትሪ መርዝ፣ ከልክ በላይ። ጎመኑ ንጹሕ። አለቃዬ ባምላኩ ደስ ብሎት "ሰው አፈር አይበላ፣ መዝገቡን ዝጋው" አለኝ። ልዝጋው? ደክሞኛል። ግን ጎመን ከአፈር የሚስብ ተክል ነው... ከዚያ መሬት እንዴት ንጹሕ ይወጣል?

መጋቢት 13

ሄድኩ። ከየት እንደቆረጡት ጠየቅኳቸው። ዳገቱ ላይ ያለችውን፣ የጉድጓድ ውሃ የምትጠጣውን ትንሽ ጓሮ አሳዩኝ።

"የታችኛውማ ቅጠሉ ቢጫ ነው ልጄ። እሱ ለእንግዳ ይሰጣል? ነውር አይደል?"

"ታዲያ እሱን ማን ይበላዋል?"

"እኔ ነኛ። የላይኛው ለማኅበርና ለእንግዳ ነው።"

ሁዳዴ ነው። ጠዋት ማታ... አይ፣ ከቅዳሴ መልስ የሚቀምሱት እሱኑ ነው። ስንት ዓመት? መጠየቅ ፈራሁ። በራሴም ተናደድኩ። የታችኛውን ራሴ ጎንበስ ብዬ ቆረጥኩ።

ሚያዝያ 14

ጎመኑም ከልክ በላይ።

ሚያዝያ 15

ነገርኳቸው። ኩላሊት እንደሚጎዳ፣ ቢያጥቡት ቢቀቅሉት እንደማይለቅ። "እስከ ዛሬ የበላሁትስ?" አሉ በመጨረሻ። ሐኪም ቤት ይዣቸው ሄድኩ፤ ለጊዜው ደህና ናቸው ተባለ። ባምላኩ ነገሩ ወሬ እንዳይሆን ይላል። ወሬ!

ሰኔ 22

በእትዬ ንግሥቴ ደጅ አለፍኩ። የታችኛው መደብ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። እሳቸው ከገበያ ሲመለሱ ተገናኘን። በዕድሜያቸው ጎመን ገዝተው የማያውቁ ሴትዮ፣ ዛሬ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። የላይኛዋ ጓሮ አልበቃቻቸውም።

ፈትተው አሳዩኝ። "ይህንንስ መርምረኸዋል? ከማን ማሳ እንደመጣ ሻጯም አታውቅ።"

አልመረመርኩትም አልኳቸው። ማንም አልመረመረውም። መልሰው ቋጠሩትና ሊቀቅሉት ገቡ።

እኔም ጎመን የምገዛው ከዚያው ገበያ ነው።