ሞተሪኖውን አምጣ ለተባልኩበት ደብዳቤ የተሰጠ መልስ

ደሴ፣ የካቲት 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ማረው
የቀበሌያችን ሊቀመንበር

ጉዳዩ፦ ጠፋ የተባለውን ሞተሪኖ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለክብርት ባለቤትዎና ባለፈው ጥር ለዳሩት ልጅዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ እንደምን ከረማችሁ እላለሁ። በተለይ የቀኝ ትከሻዎን ጤንነት ሳልጠይቅ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል፤ ኮምቦልቻ ላይ ብዙ እንደደከመ ሰምቻለሁና። እኔ፣ ሰኞ ገበያ ጫማ የምሸጠው ጎረቤትዎ በሺር ሀምዲን፣ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። አባቴም ከዓይኑ በቀር ደኅና ነው።

በክብ ማኅተም የታተመው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በቀበሌው ግቢ በኤግዚቢትነት የተያዘችው ነጭ ዲኤክስ መኪና በተደረገላት ማጣራት ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ በቦታው እንዳልተገኘ፣ እኔም ዕቃውን በአስቸኳይ እንዳቀርብ፣ ባላቀርብ ግን ኤግዚቢት በማጉደል እንደምጠየቅ ይገልጻል። አጻጻፉ ጨዋ ነው። ጥቂት ያስገረመኝ ነገር ቢኖር፣ ለማስረጃ ተይዛ ከቆመችበት ንቅንቅ የማትል መኪና ሞተሪኖ እንደሌላት ማን ሊያውቅ ቻለ የሚለው ነው። ኮፈኗን ከፍቶ ያየ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ያየ ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ባልሆነ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና፣ የቀበሌያችን ሕዝብም በየሱቁ በረንዳ ከሚያወራው ትክክለኛውን እንዲያውቅ፣ መልሴን በግልጽ ደብዳቤ ማድረጌን ይፍቀዱልኝ።

አምና መጋቢት ላይ ይህችን መኪና ከአንድ የሐርቡ ሽንኩርት ነጋዴ ገዛኋት። እንዴት ያለች መኪና እንደነበረች እርስዎ አያውቁም፤ እርስዎ ያወቋት ከታጠበች በኋላ ነው። ወንበሮቿን ነቅለን ከሥራቸው የጠረግነው የሽንኩርት ልጣጭ ማዳበሪያ ሞልቷል። ምንጣፏ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥ የተጣደ መስሎት ነበር። የገዛኋት ግን ለእኔ አልነበረም። አባቴ ሀምዲን ሠላሳ ዓመት በአሰብ መንገድ የሰው ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ የእኔ የሚላት አንዲት ጎማ እንኳ ሳይኖረው ያረጀ ሰው ነው። ሐኪሙ የዓይኑ ብርሃን ከዳር እየጠበበ መሄዱን፣ የሄደውን የሚመልስ መድኃኒትም አለመኖሩን በነገረን ዕለት፣ ምን እንዳደርግለት ጠየቅሁት። የመለሰልኝ ይህን ነው፦ «ሠላሳ ዓመት ሐረጎን ስወርድ ያየሁት አስፓልቱን ብቻ ነው። አንተ ንዳና እኔ ጎንህ ተቀምጬ ገደሉን አንድ ቀን ልየው።»

የፈለገው ይህንኑ ነበር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ የሐረጎን ቁልቁለት፣ በቀን ብርሃን፣ በራሱ መኪና፣ ከፊተኛው ወንበር።

አባቴ ባልጸዳች መኪና መንገድ አይወጣም። ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ ሁለታችን ሥራ ጀመርን። እኔ በኦሞ ወንበር ስፈትግ እርሱ የባትሪውን ራስ በፍል ውሃ ያጥባል፤ እኔ ቀለሟን በሰም ስወለውል እርሱ ካንዴላዎቹን አውጥቶ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል። ባለቤቴ ረሂማ የልጆቹን የጥርስ ብሩሽ ከዳሽቦርዱ ላይ ባገኘች ጊዜ ያለችኝን ለክቡርነትዎ መድገም አልችልም። አባቴ ዓይኑ የማያደርስለትን በጣቱ ይዳስሳል፣ ደጋግሞም ስንት ቀን እንደቀረን ይጠይቀኛል። በመጨረሻ የቀረው ሞተሪኖው ነበር። ያጓራል እንጂ ሞተሩን አያዞርም፤ አባቴ ፈቶ አውጥቶ ቤት ውስጥ ትሪ ላይ በነጭ ጋዝ ዘፈዘፈው። ያን ዕለት ከሰዓት ነው እርስዎ በደጃችን ያለፉት። ከዚህ በኋላ ያለውን ውለታዎን በቁጥር ከፋፍዬ ላመስግን።

አንደኛ። ጋራዥ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። በደሴ አንድ ሰው ኮፈን ሲከፍት መንገደኛ ዝም ብሎ እንደማያልፍ፣ አንዱ ካንዴላ ነው ሲል ሌላው ቤንዚን ነው እያለ ሰፈሩ ሁሉ አንገቱን እንደሚያስገባ እርስዎም የዚሁ አገር ልጅ ነዎትና ያውቃሉ። ያን ዕለት ግን ያዩት የጎረቤት ምክር ሳይሆን «ያለ ንግድ ፈቃድ የተከፈተ ጋራዥ» ሆነ። መጀመሪያ ያልተፈቀደ ስብሰባ ሊሉት አስበው እንደተዉት ሰምቻለሁ፤ ስለ ርኅራኄዎም አመሰግናለሁ። የጋራዡ ባለቤት እኔ፣ ሠራተኛው አባቴ፣ ደንበኛውም መልሼ እኔው ነበርኩ። እንዲህ ያለ የማይታማ ድርጅት በወሎ ምድር የተገኘ አይመስለኝም።

ሁለተኛ። መኪናዋን ለመውሰድ ነዳጄን ስላላባከኑ። ደንብ አስከባሪው ጋሹ ቁልፏን ተቀብሎ ገባና ፍሬኗን ለቀቀ፤ የእኛ ደጅ ከላይ፣ የቀበሌው ግቢ ከታች ነውና እየተንከባለለች ገባችላችሁ። ለምን አልተነሳችም ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሊጠይቅም አይችልም፤ ደሴ ላይ መኪና ቁልቁል ተለቆ በማርሽ መነሳቱ የዘወትር ነው፣ ግማሹ ታክሲ የሚያድረው ተዳፋት ፈልጎ ነው። እኛም ሞተሪኖው ትሪ ላይ መሆኑን አልነገርንም። አልተጠየቅንም።

ሦስተኛውን ለጊዜው ልለፈው። እመለስበታለሁ።

አራተኛ። ስለ ሰርጉ። ለልጅዎ የኮምቦልቻ ልጅ እንዳጩ በሰማሁ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፣ የሙሽራው መኪና የትኛዋ እንደሆነች ግን አላወቅሁም። እኔና አባቴ በሰም ያብለጨለጭናት መኪና የክረምቱ ጭቃ ታጥቦላት፣ ሪባን ታስሮላት፣ ከግቢዎ በር ቁልቁል ተለቀቀች፤ በሁለተኛ ማርሽም ተነሳች። አባቴ ያን ጊዜ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጥሩንባውንና እልልታውን አላዳመጠም፤ ያዳመጠው ሞተሩን ነው፣ በእጁ ያስተካከለውን ድምፅ። ፊቱን ወደ እኔ መለሰና «ሞተሪኖ የላትም እኮ፤ የት ሊያጠፏት ነው?» አለኝ።

ክቡርነትዎ፣ ኮምቦልቻ ላይ አጠፏት። እህቴ ሐምዲያ ባሏ የሙሽሪት ቤተሰብ ጎረቤት ነውና፣ ከአጥሩ ወዲህ ቆማ ሁሉንም አይታ በስልክ ነገረችን። የሙሽሪት ጓደኞች እንደ ወጉ በሩን ይዘው ሰርገኛውን ደጅ ሲያስጠኑ፣ ጋሹ ለነዳጅ ሳስቶ ሞተሩን አጠፋ። ተበላ፣ ተመረቀ፤ ሙሽሪት ከነቬሏ ገብታ ተቀመጠች፤ ጋሹ ቁልፉን ቢያዞር ጭጭ። ደሴ ቢሆን ኖሮ ፍሬን መልቀቅ ብቻ ነበር። ያ ሰፈር ግን ውሃ ቢደፋበት እንኳ ወዴት እንደሚፈስ የሚያመነታበት ሜዳ ነው። ሚዜዎቹ ኮታቸውን አውልቀው ገፉ። አልበቃም። ያን ጊዜ ክቡርነትዎ ከዘራዎን ለሰው አስይዘው ቀኝ ትከሻዎን ከኋላ ደገፉ፤ ሰርገኛውም ማጨብጨቡን ትቶ ገፊ ሆነ። ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጥሶ ተኛ። የሙሽሪት አክስት ለመሆኑ መኪናው የማን ነው ብለው ጠየቁ፤ የመለሰላቸው ሰው እንዳልነበረ ሐምዲያ ነግራኛለች። ሙሽሪት በባጃጅ ሄደች። መኪናዬ በአይሱዙ ተጎትታ ወደ ግቢዎ ተመለሰች፤ ከዚያም ያ ጨዋ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶች ሐረጎን የወረዱ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልመለስ። ክረምቱን በሙሉ መኪናዋ በግቢዎ በዝናብ ስትደበደብ፣ እኔ በየሳምንቱ እየመጣሁ ደጅ ጠናሁ። ሰኞ ና ተባልኩ፤ ሰኞ ስመጣ አሠራራችንን እየለወጥን ስለሆነ ሐሙስ ተባልኩ። ቅጣት ካለ ልቀጣ አልኩ፤ የቅጣቱ መጠን እየተጠና ነው ተባልኩ። በመጨረሻ ለእርስዎ ለራስዎ፣ ቢሮዎ ውስጥ ቆሜ፣ የአባቴን ዓይን ነገርኩዎ። መኪናዋን ለአንድ ቀን ብቻ ይፍቀዱልኝ፣ አስፈላጊ ከሆነ ጋሹን ከኋላ አስቀምጬ ልውረድ፣ ማታ በእጄ መልሼ አስረክባለሁ አልኩዎ። እርስዎም ኤግዚቢት ከግቢ አይወጣም ብለው በትዕግሥት አስረዱኝ። መስከረም ላይ በሚኒባስ ይዤው ወረድኩ። ከኋላ ወንበር፣ ከሰው መሐል ነበርን፤ ከፊቱ ያለውን ሰውዬ ማጅራት ሲያይ ወርዶ የእኔን ማጅራት እያየ ወጣ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት ሱብሒ ሰግዶ ብዙ ከተቀመጠ በኋላ፣ ነግቷል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ፀሐይ ግቢያችን ውስጥ ነበረች።

ክቡርነትዎ፣ ያቺ ከግቢ የማትወጣ መኪና ከዚያ በኋላ በጥር ወጣች። ሐረጎን በፀሐይ ወረደች። በአባቴ ወንበር ላይ ልጅዎ ተቀምጦ ገደሉን አየ። ልጅዎን አልወቅስም፤ አያውቅም ነበር። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር። ስለዚህ አዝኛለሁ፣ ተናድጃለሁ ብዬ አላድበሰብስም፤ ቂም ይዣለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

የቅሬ ዕድራችንን ዳኛና ሁለት ሽማግሌዎች ልከው፣ ነገሩ በአገር ወግ እንዲያልቅ፣ ሞተሪኖውን ሰጥቼ አፉ፣ ይቅር እንድል መጠየቅዎን አልዘነጋሁም። ሽማግሌ የማይመልስ አገር ላይ ነው የተወለድኩት፤ ውሃ አቅርቤ፣ ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው። አፉ የሚለው የተበደለው ነውና አባቴ ይናገር አልኩ። አባቴም፣ «እኔ ለሰውዬው ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ። ሞተሪኖውን ግን አልሰጥም» አላቸው። ዳኛው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ዱዓ አድርገው ወጡ። እኔ አፉ አላልኩም። እስካሁንም አላልኩም።

ስለዚህ ለደብዳቤዎ የምሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። ሞተሪኖው አልጠፋም። ካርቦኑ ተቀይሮ፣ ተጠርጎ፣ ግራሶ ተቀብቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከአባቴ አልጋ ራስጌ ተቀምጧል። ማታ ማታ በእጁ ያዞረዋል። ሊያስገጥሙት ከፈለጉ መኪናዋን ወደወሰዷት ቦታ ይመልሱልኝ፤ ወደ ደጄ። ስትሄድ ቁልቁል ስለነበረ ቀላል ነበር፤ ስትመለስ ዳገት ነው፣ እርስዎም እንደሚያውቁት አትነሳም። አይሱዙ አልቀበልም። ጋሹም ብቻውን እንዲገፋ አልፈቅድም። ትከሻዎ ባገገመ ዕለት፣ በቀን ብርሃን፣ ሰፈሩ በረንዳ ላይ ባለበት ሰዓት እጠብቅዎታለሁ። ደጄ ስትደርስ አባቴ በዳሰሳ ሞተሪኖውን ይገጥማል፤ ከዚያም ከጎኔ አስቀምጬው ሐረጎን እወርዳለሁ። ገደሉን አያየውም። እያንዳንዱን ኩርባ፣ የቦርከናን ወንዝ፣ ከታች የተዘረጋውን ሜዳ እየነገርኩት እወርዳለሁ። ወሬ ባለቀብኝ ቁጥር የእርስዎን አገፋፍ ደግሜ እነግረዋለሁ።

መኪናዬ በግቢዎ እንዳሳለፈችው ክረምት ርዝማኔ ያለውን አክብሮቴን ለክቡርነትዎ፣ ለወንበርዎና ለክብ ማኅተምዎ እያቀረብኩ፣ ጤናና ጽኑ ትከሻ እመኝልዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በሺር ሀምዲን
ደንበኛ የሌለው ጋራዥ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለቅሬያችን ዳኛ
ለሙሽሪት አክስት፣ መኪናው የማን እንደሆነ ለጠየቁት፣ ኮምቦልቻ

ማሳሰቢያ፦ ሁለተኛው ልጅዎም ለትዳር እንደደረሰ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እንደ ጎረቤት የምመክርዎ፣ ለእርሱ እንኳ ከዚሁ ከደሴ፣ ቤቷ ተዳፋት ላይ ያለ ልጅ ይፈልጉለት። ኮምቦልቻ ሜዳ ነው።