ለጉንዳን የተሰጠ ባና

ይታይሽ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለየሽን ዓመት ከመንፈቅ ሊሆን ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ገብሱ አሽቷል፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጀምሯል። እኔ እንደምታውቂኝ በቅሎዬን እየነዳሁ ከወገዳ ንፋስ መውጫ እመላለሳለሁ፤ ምስር ወስጄ ጨው አመጣለሁ። ኬላው ላይ አሁንም ጭነት ያስፈቱናል። ስንዱ አድጋለች፤ ፀጉሯን ጎረቤታችን እመት ጥሩነሽ ይሠሩላታል።

ትልቁን ወሬ ልንገርሽ፤ አዳነ ከውትድርና ተመለሰ። ግራ እጁ ቆስሎ ሁለት ጣቶቹ አይታጠፉም፤ ሌላው ደህና ነው። ግን ቤት አልገባም። ደጃፍ ላይ ቆሞ «አባባ፣ ስንዱን እንዳታስጠጋት፤ የለበስሁት ቅማል ነው» አለኝ። ግንባር ላይ ሄድ መለስ የሚል ትኩሳት፣ ግርሻ የሚሉት፣ በቅማል እየተላለፈ ከጥይት እኩል ጓደኞቹን ጨርሶበታል። ስንዱ ግን ምን ታውቃለች? ወንድሜ መጣ ብላ ሮጠች። እሱ ሸሻት። በጭድ ክምሩ ዙሪያ እሱ ሲሸሽ እሷ ስታሳድድ፣ ጨዋታ መስሏት በሳቅ ሞተች። እኔ ቆሜ ማየት አቃተኝ።

ራሱን ተላጨ፣ ልብሱን አቃጠለ፣ ወንዝ ወርዶ ታጠበ፣ የኔን ልብስ ለበሰ። ከዚያ መኝታችንን አውጣልኝ አለ። የሌሊት ልብሳችንን፣ ባናውን፣ ፀሐይ ላይ ዘርግቼ ሰጠሁት። ስፌቱን በጥፍሩ ፈልቀቅ አድርጎ አየና መለሰልኝ። እኔም አየሁ። ካንቺ ወዲህ በየማደሪያው ያነሳሁትን ቅማል ሁሉ ተሸክሜ ቤቴ አስገብቼው ኖሯል። ስንዱም ስታክክ የምታድረው ለካ በዚህ ነበር። አዳነ መኝታው እስኪጠራ ቤት አልገባም ብሎ ጭድ ቤቱ ውስጥ ተኛ። ብርዱ ሳል አስያዘው፤ በየቀኑም እየጠነከረበት ሄደ። እዚያ ከርሞ በብርድ ቢሞትብኝስ? ቢገባና ግርሻው እዚህም ቢነሳ፣ ስንዱስ? ይህን እያሰብሁ ንግዴን ተውሁ።

መጀመሪያ በራሴ ሐሳብ ሄድሁ። እሳት የማይገድለው ነገር የለም ብዬ ግማሽ በርሜል ውኃ ጥጄ አንዱን ባና ቀቀልሁት። ሲወጣ ተሰብስቦ፣ ደድሮ፣ ከበቅሎዬ ኮርቻ ሥር ለማንጠፍ እንኳ የሚጠብ ሆነ። ባና የበግ ፀጉር ስለሆነ የፈላ ውኃ እንደማይወድ፣ ስንት ባና የሸጥሁ ሰው አላውቅም ነበር። እመት ጥሩነሽ በምርኩዛቸው መጥተው አዩትና «ነጋዴው፣ ይህን በምስር ወጥ ልትበላው ነው የቀቀልኸው?» አሉኝ። ቀጥለውም «ይታይሽ የምትቀቅለው ቡሉኮውን ነው፤ ጥጥ ነውና ይችላል። ባናውን ለጉንዳን ነበር የምትሰጠው» አሉ። የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር። ከጓሮ፣ ከቁልቋሉ ሥር ወስደው የጉንዳኑን መንገድ አሳዩኝ።

ይታይሽ፣ በማግሥቱ ጠዋት ያየሁትን በምን ልንገርሽ። ጤዛው ሳይረግፍ የቀሩትን ባናዎች በጉንዳኑ ሰልፍ ላይ ዘረጋኋቸው። ሰልፉ ለአፍታ ተበታተነ፤ ከዚያ ወደ ባናው ወጣ፤ ጥቁሩ ባና ራሱ የሚንቀሳቀስ እስኪመስል ድረስ ሞላው። በየስፌቱ ገቡ፣ በየጠርዙ ገቡ። ጭንቅላተ ትልልቆቹ ዳር ዳር ቆመው ይጠብቃሉ፤ ትንንሾቹ ቅማሉን ከነቅጫሙ እየነቀሉ፣ አፋቸው ላይ ነጭ ነጭ ነገር ይዘው በመጡበት ይመለሳሉ። አንዲት የፀጉር ዘለላ አልበጠሱም። በገበያ የኖርሁት ሰው፣ የሰው ዕቃ እንዲህ ተፈትሾ ባለቤቱ ሳይጎዳ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። ፀሐዩ ሲበረታ ማንም ሳያባርራቸው ለቀው ሄዱ። እኔ ተንበርክኬ ነበር፤ መቼ እንደተንበረከክሁ አላውቅም።

ቡሉኮውን ከቀቀልን በኋላ ወንዝ ወርደን በእንዶድ ረገጥነው። የራሰ ቡሉኮ ክብደቱ የታረደ በግ ነው፤ ለአንድ ሰው አይጨመቅም። አዳነ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ ሌላውን፣ እሱ ወደ ቀኝ እኔ ወደ ግራ ጠመዘዝን። የማይታጠፉት ጣቶቹ ሲያስቸግሩት ጫፉን ክንዱ ላይ ጠመጠመው። «እማዬ ይህን ከማን ጋር ነበር የምትጨምቀው?» አለኝ። አላውቅም አልሁት። እመት ጥሩነሽን ስጠይቃቸው አንዱን ጫፍ ከሾላው ግንድ ጋር እያሰርሽ ብቻሽን ትጠመዝዢው እንደነበር ነገሩኝ።

አንድ ነገርም ያን ጊዜ ገባኝ። ከመንገድ ስመለስ ደጃፍ ላይ አስቁመሽ ጋቢዬን ትቀበይኝ፣ ንጹሑን ታለብሽኝ ነበር። የሚስት አክብሮት ነው እያልሁ ደስ ሲለኝ ኖርሁ። ለካ ኬላ ነበርሽ። የመንግሥትን ኬላ በስንት ዘዴ ያለፍሁ ሰው ያንቺን አንድ ቀን አላለፍሁም፤ መኖሩንም አላወቅሁም። ስንት ክረምት፣ ስንት ተስቦ በሰፈራችን አለፈ፤ ልጆቻችን ግን አልታመሙም። ዕድላችን ነው እል ነበር።

የምንተኛበትን ቁርበት፣ ጀንዴውን፣ ደብድበን ፀሐይ አስመታነው፤ የአልጋውን እንጨት በፈላ ውኃ አጠብነው። ሁሉም ሲደርቅ አዳነ ባናውን ተቀብሎ ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር ፈተሸ። ቸኩሎ አላየም። ከዚያ አጣጠፈው፣ ትከሻው ላይ ጣለው፣ ጎንበስ ብሎ በበሩ ገባ። ስንዱ አልጋው ላይ ቦታ ይዛ ጠበቀችው። ጀምበር ሳትጠልቅ ተኛ፤ በማግሥቱ ከብቱ ሁሉ ከወጣ በኋላ እንኳ አልነቃም። እሷ ክንዱን ተንተርሳ፣ ሳታክክ።

ከእንግዲህ ክረምቱ በወጣ ቁጥር፣ ጉንዳኑ መንገዱን ሲያወጣ፣ በዚያ ሳምንት ገበያ አልወጣም። ለምን ቀረህ የሚለኝ ቢኖር ስምሽን ጠርቼ ከጓሮ ወስጄ አሳየዋለሁ። ስንዱንም አጠገቤ አስቀምጣታለሁ፤ ፊትሽን ብትረሳው እንኳ እናቷ ምን ታውቅ እንደነበር ከዚያ ታየዋለች።

ባልሽ