ነጩን ባንዲራ ያላነሳሁ ቀን

ለምወድህ አበልጄ፤

እንደምን ሰነበትክ? መንጋጋህ እንዴት አደረ? የጎድንህስ ሕመም ቀለል ብሎልሃል? ዴርቭላ ሾርባ በስትሮ እንደምትመጥ ነግራኛለች። ሥጋና ድንች ካልቀረበለት እንደበላ የማይቆጥር ባሏ በስትሮ ሲመጥ ማየት ከብዷታል፤ ስትነግረኝ እየሳቀች ጀምራ እያለቀሰች ጨረሰች። በደንቡ ቢሆን እዚህ ላይ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ ማለት ነበረብኝ። ደህና ስላልሆንኩ አልልህም። የክርስትና ልጅህ ኔሳ ግን ደህና ናት። ሆስፒታሉ ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ሆኖ ሳለ ለምን ሄጄ እንደማልጠይቅህ በየማለዳው ታፋጥጠኛለች። ላሚቱ ልትወልድ ስለሆነ ነው እላታለሁ። ይኸው ስድስት ቀኔ፣ አንዲት ላም ሳዋልድ።

ስልክ ብደውል አፍህ በሽቦ ታስሯል፤ ብቻዬን ለፍልፌ ልዘጋው ነው። ፊትህ መጥቼ እንዳልናገር ደግሞ ወኔው የለኝም። ምን ያህል ወኔ እንደሌለኝ ወደ ታች ስትወርድ ታየዋለህ።

መቼም የኳስ ወሬ ሳትሰማ ቀኑ አይመሽልህምና መጀመሪያ እሱን ልስጥህ። ኪልማርናዎች ረቡዕ ለት በእጅም በሚያዘው በእኛው እግር ኳስም ተቀጡ። ያው እሑድ በዱላ ኳሱ ጨዋታ ዱላ ይዘው ሲሮጡ የነበሩት ልጆች አይደሉ? የሦስቱ ጣት በጄሶ ታሽጎ ኳሱን በምን ሊይዙት ኖሯል። ባሊዶራዎች ደግሞ ለዱላ ኳሱ ፍጻሜ ከከተማው ቡድን ጋር ናቸው፤ በገበሬዎች ሱቅ በር ላይ ክርክሩ ጦፏል። አንዱ ከተሜዎቹ ባሊዶራን እንደ ዶሮ ይበልቷታል ይላል። ሌላው ተወው ባክህ፣ የከተማ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው በዝናብ ዱላ የያዘው፣ ፀጉሩ ይበላሽበታል እያለ ያሽሟጥጣል። የባሊዶራውን ባለ ሦስት ቁጥር ተከላካይ ደግሞ፣ ሲሮጥ ለፍታት የሚሄድ ቄስ ይመስላል፣ አስከሬኑን የሚያዘጋጀው ግን ራሱ ነው አሉት። ሳልወድ ሳቅኩ።

ወሬው ግን የትም ዞሮ የሚያርፈው አንተ ላይ ነው። ባሊዶራ አንድ ጎልና አሥራ ሰባት ነጥብ፣ ኪልማርና ሁለት ጎልና አሥራ ሦስት ነጥብ፤ ኪልማርናዎቹ ጎሉን በሦስት በሦስት ቆጥረው ሃያ ለአሥራ ዘጠኝ ይሉና፣ ያቺ የመጨረሻ ኳስ ብትቆጠር እኩል ነበርን ብለው ይፈነዳሉ። አንድ ሰው በስልኩ ቀርጿት ኖሮ አገር ምድሩ እያያት ነው። ከምሰሶው አንድ ክንድ ሙሉ ወደ ውስጥ ገብታ ነው ያለፈችው። በሬዲዮ የሚደውለው ሁሉ ዳኛው በልቷል ይላል። አንዷ ሴትዮ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ቄሱ እየሰሟት፣ መንጋጋውን ብቻ ለምን፣ እጁንም መስበር ነበር አለች። እኔም አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

የፊታችን ሐሙስ የአውራጃው ኮሚቴ ሊሰበሰብ ነው። አንተ ከአልጋህ ላይ ሆነህ፣ ውሳኔው የእኔ ብቻ ስለሆነ የጎል ዳኞቹ አይጠየቁ ብለህ ጽፈህ እንደላክህ አብሮኝ ጎል የሚዳኘው ፊንባር ነገረኝ። ነግሮኝም ሲያበቃ፣ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል ብሎ አፍንጫውን ተናፈጠ። እንቅልፍ አጣሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ይህ ነው።

አበልጄ፣ ያቺን ኳስ አላየኋትም። ያቺን ብቻም አይደለም። ካለፈው መጋቢት ወዲህ ለነጥብ ከአግዳሚው በላይ የበረረች አንዲት ኳስ አላየሁም። የዓይን ሐኪሟ ሁለቱንም ሞራ እንደጋረዳቸው፣ ግራው እንደባሰ ነግራኛለች። ወረቀቷን የትራክተሩ ወንበር ሥር ደብቄው እዚያው ሻግቶ ነበር። ይህን ደብዳቤ እንኳ የምጽፈው አፍንጫዬን ወረቀቱ ላይ ደፍቼ ነው። ምን ልበልህ? ሃያ ስድስት ዓመት እሑድ እሑድ በአንተ መኪና፣ አንተና ፊንባር ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሳንድዊቹን ጭኔ ላይ ይዤ፣ የጎል ዳኛ ነጩ ጋዋን ተተኩሶ ተሰቅሎ፣ እስክንደርስ ድረስ ሳምንት ሙሉ ያጠራቀምነውን ሐሜት ስንፈታ። ያንን ማጣት ፈራሁ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን የምኖረው ለእሑድ ብዬ ነው፣ ታውቀዋለህ።

አንተም ብትሆን ትንሽ ጥፋት አለብህ፣ ልንገርህ። ነሐሴ ላይ በራሴ ባንዲራ ተጠልፌ ስወድቅ መንገዱን ሙሉ ሳቅክብኝ እንጂ፣ አንተ ሰው ምን ነካህ አላልከኝም። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር ብዬ ራሴን ሳጽናና ከረምኩ። ውሸቴን ነው፤ ብትጠይቀኝም አልነግርህም ነበር።

ታዲያ እንዴት ስትዳኝ ቆየህ ትለኝ ይሆናል። በጆሮ። ፊንባር ካየ እሱን አይቼ ባንዲራዬን አነሳለሁ። እሱ ካላየ ከጀርባዬ ያለውን ሕዝብ አዳምጣለሁ፤ ኳስ ስትገባ ሕዝብ አንድ ዓይነት ይጮኻል፣ ስትወጣ ሌላ ዓይነት። የውድድሩን ዘመን ሙሉ ሠርቶልኝ ነበር።

እሑድ ግን ጨዋታው ምን ዓይነት እንደነበር አንተው ታውቃለህ። ገና በአሥረኛው ደቂቃ የኪልማርናው አጥቂ የራስ ቁሩ ወልቆ፣ ጆሮው ተተልትሎ በቃሬዛ ወጣ። ከዕረፍት በኋላ አራት ዱላ ሰው ጀርባ ላይ ተሰበረ፤ ባላይም እንጨቱ ሲነተር ይሰማኛል። በመጨረሻዋ ደቂቃ ያ ባለ ሦስት ቁጥር፣ ኳሷ ገና አየር ላይ ሳለች፣ አጥቂውን በዱላው ጫፍ ኩላሊቱ ላይ ወጋው። ፊንባር እሱን ሲያይ ኳሷ ለእኔ ቀረች። ሰማዩ ግራጫ፣ ዓይኔ ግራጫ። ከጀርባዬ የተሰለፉት የባሊዶራ ጎረምሶች ነበሩ፤ ወጣች ብለው አናፉ። ነጥብ ናት የሚለውን ነጩን ባንዲራ ትቼ፣ ወጥታለች ብዬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

ሮጠህ መጣህ። እርግጠኛ ነህ ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ፣ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብለህ። ጥርጣሬ እንደገባህ ከድምፅህ አውቄዋለሁ። አላየሁም ብልህ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ኔሳ ትሙት፣ ወጥታለች አልኩህ። ስትጠመቅ ያቀፍካት አንተ ነህ፤ በእሷ ምዬ እንደማልዋሽህ ታምናለህ። እሺ ብለህ ፊሽካህን ነፋህ።

ከዚያ የኪልማርና ደጋፊዎች አጥሩን ጥሰው ገቡ። የተሰበረ ዱላ የያዘ አለ፣ ወንበር የነቀለ አለ፣ ባዶ እጁን የመጣም አለ። አንዲት አሮጊት የፊንባርን ግንባር በጃንጥላ ተረተረችው። አንተ ወደ ልብስ መቀየሪያው ስትሮጥ ከኋላ ጠልፈው ጣሉህና ክብ ሠሩ። ከዚያ በኋላ ስድብ እንኳ አልነበረም። ጫማ ብቻ ነበር የሚሰማው፣ እርጥብ ጆንያ ሲወቃ ያለ ድምፅ፣ አልፎ አልፎም የአንተ ማቃሰት። እኔ ጋዋኔን አወለቅኩና ሳማ ውስጥ ወረወርኩት። ደንግጬ ነው እንዳልልህ፣ ቁልፉን አንድ በአንድ ነው የፈታሁት።

ማላኪ የሚባለው የኪልማርና ከብት ነጋዴ፣ አንገቱ ከራሱ የሚወፍረው፣ ኮሌታዬን አነቀኝ። አንተስ ከዳኞቹ አንዱ አይደለህም እንዴ አለኝ። ኧረ ምን ቆርጦኝ፣ እናቴ የኪልማርና ልጅ ናት አልኩት። ታዲያ ምን ቆመህ ታያለህ ብሎ በትከሻው ገፍትሮ ክቡ ውስጥ ከተተኝ። ራስህ አጠገብ ቆምኩ። አፍህ ደም ሞልቶት፣ አንዱ ጥርስህ ከንፈርህ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ቅርብ ስለነበርክ አንተን በደንብ አየሁህ። ቀና ብለህ አየኸኝ። እጅህን ዘረጋህልኝና፣ አበልጄ፣ መጣህልኝ አልክ። ማላኪ ሰማህ። ዞሮ እኔን ማየት ጀመረ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

አሁን ስለ ፌሂን ልንገርህ። የሜዳውን ሣር የሚያጭደው፣ መስመሩን በኖራ የሚያሰምረው ሽማግሌ። ፖሊሶች ጥቁሩን መለያህን ሲመረምሩ ጀርባው ላይ፣ ልክ በተሰበሩት ሁለት ጎድኖችህ በኩል፣ የጫማ አፍንጫ ቅርጽ ያለው ነጭ ኖራ አገኙ። የተጫዋች ጫማ አይደለም፤ ተራ የቆዳ ጫማ ነው። ሮጦ መስመር የረገጠ ሰው ይህን ያህል ኖራ አይዝም፣ ይህ መስመሩ ላይ ቆሞ የዋለ ሰው ነው አሉ። ፌሂን ደግሞ የኪልማርና ሰው ነው፣ ኖራም ሥራው ነው። ሁለት ጊዜ ወስደው ጠየቁት። ሲደነግጥ መንተባተብ ልማዱ ነው፤ መንተባተቡን እንደ ጥፋት ቆጠሩበት። ከትናንት በስቲያ የባሊዶራ ጎረምሶች ዳኛውን የመታው እሱ ነው ብለው መስኮቱን በድንጋይ አደቀቁት። ውሻውን አጥሩ ላይ ሰቅለው ገደሉበት። ያ ውሻ ኖራውን ሲያሰምር ከኋላ ከኋላው የሚከተለው ነው።

ትናንት በገበሬዎች ሱቅ አገኘሁት። ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞርበታል። ወደ እኔ መጣና፣ አንተ እዚያ ነበርክ፣ እኔ የሜዳው ጓዳ ሆኜ የሣር ማጨጃውን ሳጥብ እንደነበር ንገርልኝ፣ አንተን ያምኑሃል አለኝ። እሺ አልኩት። እጄን ሁለት ጊዜ ጨብጦ ሄደ።

የጎሉ መስመር ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ የዋለው ማን እንደሆነ አንድም ሰው አላሰበም። ጫማዬ በሩ ሥር አለ። አልወለወልኩትም፣ ኖራው እንዳለ ነው።

ትናንት ወደ ማታ ዴርቭላ መጣች። የዘቢብ ዳቦ ጋግራልኝ ነበር። ለእሱ እንደ ወንድም የቀረኸው አንተ ነህ፣ ያንን ሁሉ አይተህ ስለታመምክ ነው የማትመጣው፣ እሱም ይረዳሃል ብላ አፅናናችኝ። ከዚያ ለፖሊሱ የጻፍክለትን ወረቀት አሳየችኝ። ማን ማን እንደመታህ ሲጠይቅህ፣ ዓይኔን ደም ሞልቶት ነበር፣ ማንንም አላየሁም ብለሃል። ጽሑፍህ ቀጥ ያለ ነው። እሷ እያነበበችልኝ እኔ የጎረስኩትን የዘቢብ ዳቦ በመሐረቤ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ዝም ያልክልኝ ለኔሳ ብለህ ይሁን ለእኔ፣ ወይም ከዚያ በኋላ ስሜን መጥራት አስጠልቶህ፣ አላውቅም። የአንተ ዝምታና የእኔ ዝምታ ግን ፌሂንን ሊገድሉት ነው። ይህን ደብዳቤ ለዴርቭላ ሰጥቼ፣ ጫማዬን በፌስታል ይዤ፣ ከቀትር በፊት ፖሊስ ጣቢያ እደርሳለሁ። ለኮሚቴውም የኳሷን ነገር ከሐኪሟ ወረቀት ጋር ልኬዋለሁ። ሐሙስ ለት ስለ እኔ ብለህ አንዲት ቃል እንዳትጨምር። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ኔሳ ገና ምንም አልሰማችም። ከማንም በፊት ወደ አንተ ነው የምትሮጠው፣ ዛሬም ነገም። በርህን አትዝጋባት። ሥራው የእኔ ነው።

እግዚአብሔር አጥንትህን ይጠግንልህ። ሽቦውን ፈትቶ አፍህን ይመልስልህ፣ ሥጋና ድንችህን ያብላህ፣ ዴርቭላን ከጎንህ አይንሣህ። ሜዳ ላይም ዳግመኛ በሰላም ያቁምህ፣ ጥሩ ዓይን ካላቸው ሰዎች ጋር።

ከዛሬ በኋላም እንዲህ መባል ከፈቀድክልኝ፣
አበልጅህ