የላንድሮቨሩ ቁጥር በፈረስ ግንባር

ሽባባው፣

ጠዋት ስትወጣ ፈረስህን ሳላየው፣ ከግንባሩ የሚንቃጨል ነገር ሰማሁ። ደስ የሚል ድምፅ ነው ብዬ ተኝቼ አዳመጥሁ። የገባኝ የጉምሩኩ ሰው መጥቶ ከሱዳን ያመጣኸውን ላንድሮቨር ሲመረምር ነው። የሻንሲው ቁጥር የተቀረጸባት የናስ ሰሌዳ የለችም፤ አራት ባዶ ቀዳዳ ብቻ።

«ቁጥሩስ የት አለ?» አለኝ።

«ፈረሱ ለጊዮርጊስ ጉግስ አጊጦባት ሄዷል» አልሁት።

«እንግዲያ ቀረጡንም ፈረሱ ይክፈላ።»

አንተ እዚያ ቆሰበር ከተማ ትጋልባለህ፤ እኔ ዋስህ እዚህ ዳንግላ በሌባ ዓይን እታያለሁ። ያለዚያች ቁጥር ጉምሩክ አይለቀውም፣ ኢንሹራንስም አይቀበለውም። መኪናው ይወረሳል።

የመኪናው ጣራ ተቆርጦ ለተሳፋሪ አግዳሚ ይግባለት ብዬ ሥዕሉን የሣልሁት እኔ ነኝ። እሱን አልክድም።

ናሷን ግን ማን ንቀል አለህ?

ብሎኖቹን መሬት ላይ አግኝቼ በስኳሩ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጬልሃለሁ። ኮርቻ ከማውረድህ በፊት ናሷን ከቦታዋ መልሰህ እሰራት። የጎመኑን ድስት ከድኜዋለሁ፤ ድመቷ እንዳትገባበት።

የጉምሩኩ ሰው ዋስ ሆኜ የፈረምሁበትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጥቶ ሄደ።

እኔም ሊይዘኝ ሳይመለስ ሄጃለሁ።

አዝመራው