ያሸነፍኩት የዳማ ጨዋታ

ይድረስ ለማከብርሽም ለምነዘንዝሽም ታናሽ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ለመላው ቤተሰብ በክብር የማበስረው ዜና አለኝ፦ ጠፍቶ የነበረው የግራ እግሬ ካልሲ ከሆስፒታሉ አልጋ ሥር በሰላም ተገኝቷል። አንቺስ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለው? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ ያ ጎረቤት የሚፈራው ምላስሽ ሁሉም ደህና ናቸው?

እኔን ደህና ነህ ይሉኛል። የሚያጠራጥረኝም ይኸው ነው። እንደምታውቂው የኩላሊቴን ጠጠር ሲያወጡ ሽንት ወደ ፊኛ የሚያወርደው ቱቦ ተጎድቶ ነበርና፣ የተበላሸውን ቆርጠው ጤነኛውን ጫፍ በሌላ በኩል ከፊኛው ጋር ሰፉት። ሐኪሙ "መስመር ቀየርንልዎት" አለኝ። ዕድሜዬን አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ነኝ፤ መስመር በተቀየረ ቀን ተሳፋሪ እንዴት እንደሚንጫጫ አላጣውም። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳቱ፣ ብርዱ፣ የጎን ውጋቱ ተከታትሎ መጣ። አሁን ጎኔን በስተው ቀጭን ቱቦ አስገብተውልኛል፤ ሽንቴም ወደ ከረጢት ይወርዳል። ሐኪሙ "ትንሽ ነገር ናት" ይላል። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር ይባል የለ? የእኔ ስንጥር ጎኔ ላይ ተንጠልጥሏል።

ልጄን ታውቂያታለሽ፤ ሳትቆጣኝ ውላ አታድርም። ሰሞኑን ግን ላልኩት ሁሉ "እሺ አባዬ" ሆኗል መልሷ። መካኒኩ አማቼ ደግሞ በዳማ አውቆ ተሸነፈልኝ። አንቺም ስንት ዓመት እግርሽን ሳታነሺ ቆይተሽ፣ ድንገት ናፍቀኸኛልና ልመጣ ነው ብለሽ ጻፍሽ። ምነው እህት ዓለም፣ ለቅሶ ተጠርተሽ ነው?

በመጨረሻ ልጄን አፋጠጥኳት። አንገቷን ደፍታ፣ "አባዬ፣ የተሰፋው ቦታ ጠቧል። ሽንቱ ወደ ኩላሊትህ እየተመለሰ ነው፤ እንደገና ካልተከፈተ ኩላሊቱ አይተርፍም። እምቢ ትላለህ ብዬ ፈርቼ ነው" አለችኝ። እምቢ ልል ነበር። ግን ዓይኗን እያየሁ እንዴት ብዬ? ለሌላው ሳምንት ዓርብ እሺ አልኩ። ነገሩ በዚህ ብቻ ማብቃቱን ግን እንጃ፤ ለአንቺ በስልክ ሹክ ያለችሽ ሌላ ነገር ካለ፣ ሳትሸፋፍኚ ከዓርብ በፊት አስታውቂኝ።

ራሰ በራው ባልሽን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ግንባሩ የት ላይ እንደሚያልቅ ካወቅሽ። ትልቋን ልጅሽን፣ ያን ቀዥቃዣ ወንድሟንም በያሉበት ሰላም በይልኝ። ድመትሽንም፣ ባልወዳትም።

ከሆስፒታሉ፣ መስኮት ሥር ካለው አልጋ
ረቡዕ፣ ኅዳር 4 ቀን

የዳማውን ነገር ፈጥሬ ነው የጻፍኩት። አማቼ ሦስቴ አከታትሎ ደቆሰኝ፣ ሳቀብኝም። ለሚሞት ሰው እንዲህ የሚጨክን አይኖርም ብዬ፣ ከረጢቴን አቅፌ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።